እቁቡ አንድ፣ አያያዙ ብዙ፦ የአንባቢዎች የኮድ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች ስድስቱን መርጫለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሙሉ ኮዳችሁን በስክሪንሹት የላካችሁልኝም አላችሁ፣ ይቅር ብያችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት በሲ ፕላስ ፕላስ ፈንክሽን እየጻፍን ተማርን። ቀጥሎ ጃቫ መጣና ሁሉም ነገር ክላስ ሆነ። አሁን ሪአክት የሚባለውን የድረ-ገጽ ስክሪን መሥሪያ በራሴ ስጀምር ደግሞ ክላሱን ተወው፣ በፈንክሽን ጻፍ ይሉኛል። ተመልሼ አንደኛ ዓመት ገባሁ ማለት ነው? ትክክለኛው የቱ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይዞህ፣ አልተመለስክም። ያሳሳተህ ቃሉ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ፈንክሽን ማለት «ይሄን አድርግ፣ ቀጥሎ ይሄን» ብለህ ስም የሰጠኸው የትእዛዝ ጥቅል ነበር። ሪአክት ላይ የሚፈልጉት ግን የሒሳብ ትምህርት ላይ የምታውቀውን ዓይነት ነው፤ ይሄን ስትሰጠው ያንን ይመልሳል፣ በመሃል ሌላ ነገር አይነካም።

ደግሞ አዲሱ አሮጌውን ተካው የሚለውን ወሬ አትመን። በፈንክሽን ማሰብ የመጣው ጆን ማካርቲ ኤምአይቲ ውስጥ በ1958 ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ ሲጀምር ነው። ክላስና ኦብጀክት ከዚያ በኋላ ነው የመጡት። ኦስሎ ውስጥ ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ወረፋን የመሳሰሉ ነገሮችን በኮምፒውተር አስመስለው ለማጥናት ሲሙላ የሚባለውን ቋንቋ ሠሩ፣ ክላስም በ1967ቱ ሲሙላ ገባ። ስለዚህ አዲስ ነው የተባልከው ነገር ለጃቫህ አያቱ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሃያ ሰው ያለበት የሳምንት እቁብ አስብ። እያንዳንዱ 1,000 ብር ይጥላል፣ የሚደርሰው ሰው 20,000 ብር ይወስዳል። ጥያቄው አንድ ነው፦ መዝገቡ ማን እጅ ነው? ማንስ ይጽፍበታል?

በመጀመሪያው መንገድ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አንዱ ብር ይሰበስባል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ዕጣ ያወጣል፣ ሁሉም እየመጣ ይጽፍበታል። ይሄ አንደኛ ዓመት የተማርከው ነው። ለሃምሳ መስመር ኮድ ከዚህ የሚሻል የለም፣ በዚህ የሚያፍር ሰው ካየህ ልምድ የለውም ማለት ነው። ጣጣው ኮዱ ሲያድግ ነው። «ደርሶታል» የሚለውን ምልክት አምስት ፈንክሽን የሚቀይረው ከሆነ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ሁለቴ ይደርሰዋል። ማን እንደጻፈው ደግሞ አይታወቅም።

በሁለተኛው መንገድ መዝገቡ ጸሐፊው ጉያ ገባ። አንተ «እንካ ብሩን» ትለዋለህ፣ መጻፍ የሱ ፋንታ ነው። የደረሰው ሰው ድጋሚ ዕጣ ውስጥ አይገባም የሚለው ሕግ እሱ ዘንድ ብቻ ይኖራል። ክላስ ይሄ ነው፤ የተቀረው ጌጥ ነው። ትምህርት ቤት ውሻ እንስሳ ነው፣ ድመት እንስሳ ናት እየተባለ ውርስ (አንዱ ክላስ የሌላውን ጠባይ መውሰዱ) ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። እኔ ለስንት ዓመት ኮድ ጽፌ እስካሁን ውሻ እንዲጮህ የታዘዝኩበት ቀን የለም።

በሦስተኛው መንገድ መዝገቡ ላይ መሰረዝ ክልክል ነው። ስርዝ ድልዝ የሚባል ነገር የለም። ፈንክሽኑ ያለፈውን ሳምንት ገጽ ይቀበልና አዲስ ገጽ ጽፎ ይሰጥሃል፣ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። የሒሳብ ሠራተኞች ድሮም እንዲህ ናቸው፤ ሲሳሳቱ አይሰርዙም፣ የማስተካከያ መስመር ይጨምራሉ። ጥቅሙ ሲፈተን ይታያል። ዕጣ የሚያወጣው ፈንክሽንህ ራሱ ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያመነጭ ከሆነ በሮጠ ቁጥር የተለያየ መልስ ስለሚሰጥህ ልክ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? ቁጥሩን ከውጭ ስጠው። ካልደረሳቸው ሰዎች ውስጥ 7ኛውን ስትለው ሁልጊዜ ያንኑ ሰው ማምጣት አለበት፣ ካላመጣ ባግ (ስሕተት) አለው። ሪአክት ላይ ከ2019 ጀምሮ ሁክስ የሚባለው (ፈንክሽን ያለ ክላስ ዳታ እንዲያስታውስ የሚያስችለው) ከመጣ ወዲህ በፈንክሽን ጻፍ የሚሉህም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው፦ ዳታውን ስጠው፣ ስክሪኑን ይመልስልህ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የቴሌግራም ቦት ከሠራህ ኮድህ ከላይ ወደ ታች አይሮጥም። እንደ ዘበኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲንኳኳ ይነሳል። በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል ስትጽፍ ደግሞ «ያልከፈሉትን አምጣልኝ» ትላለህ እንጂ እንዴት እንደሚፈልጋቸው አትነግረውም። ኤድጋር ኮድ የሚባል ሰው አይቢኤም ውስጥ ሆኖ በ1970 የጻፈው ሐሳብ ነው ይሄን ያመጣው።

በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ካላመንከኝ ሞክረው። እቁቡን በፓይተን አንድ ማታ በክላስ፣ አንድ ማታ በፈንክሽን ጻፈው። ሦስተኛው ማታ ላይ አዲስ ሕግ ጨምር፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዕጣ ለግማሽ ለግማሽ ይዘው ይግቡ። የትኛው ላይ ስንት ቦታ እንደነካህ ቁጠር። እሱ የሚነግርህን ሌክቸር አይነግርህም። (በነገራችን ላይ ብሩን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ። ፓይተን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትለው 0.30000000000000004 ነው የሚልህ፣ እቁብተኛ ደግሞ እንዲህ ዓይነት መልስ አይወድም።)

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለአራት እየሠራን ነው። ኮዱን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በዚፕ እንላላካለን። ባለፈው የአንዱ ልጅ ዚፕ የሦስት ቀን ሥራዬን ደመሰሰብኝ። ጊት ተጠቀሙ ይሉናል፣ ግን ግቢ ውስጥ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። እንዴት ይሆናል? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጊት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኢንተርኔት የሚፈልገው ጊትሃብ ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ጊት ላፕቶፕሽ ላይ የሚቀመጥ የለውጥ መዝገብ ነው፤ ኮሚት ስታደርጊ ያለ ምንም ኔትወርክ ይመዘግባል። ጊትሃብ በ2008 የተከፈተ የመዝገቡን ቅጂ የምታስቀምጪበት ቦታ ነው። መብራትና ዋይፋይ የተገናኙ ዕለት ትልኪያለሽ። እሱም እንቢ ካለ ፍላሽ ላይ የጋራ ቅጂ አስቀምጣችሁ ከዚያ መቀባበል ትችላላችሁ፣ ጊት አይከፋውም።

ጊት የተወለደውም በችግር ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጽፉት ሰዎች በነጻ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፈቃዱ ሲነሳባቸው የሊኑክስ ጀማሪው ሊኑስ ቶርቫልድስ ኤፕሪል 2005 ላይ ራሱ መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ በራሱ መመዝገብ ቻለ።

ለእናንተ ይሄ ይበቃል፦ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ሥሩ፣ አንድ ነገር በጨረሳችሁ ቁጥር ኮሚት አድርጉ፣ መልእክቱ ላይ «አስተካከልኩ» ሳይሆን ምን እንዳስተካከላችሁ ጻፉ። በየሁለት ቀኑ አንድ ላይ አዋህዱት። እስከ ማስረከቢያው ዋዜማ ካቆያችሁት የዚፑ ዘመን ይናፍቃችኋል። የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ግን አታስገቡ። በኋላ ብትሰርዙትም ታሪኩ ውስጥ አለ፤ አንዴ ከወጣ መፍትሔው ፓስወርዱን መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ተቀጥሬ የደመወዝና የእቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ተረከብኩ። በፒኤችፒ የተጻፈ ነው፣ አንዱ ፋይል ብቻ 4,000 መስመር አለው። የጻፈው ልጅ ሀገር ውስጥ የለም። ከዜሮ ልጻፈው ብዬ አለቃዬን አስፈቀድኩ፣ ሦስት ወር ይበቃኛል ብያለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። ስድስት ወር ብትለውም ልክ አትሆንም ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት እንዲሁ አድርጌያለሁ። የድሮው ኮድ ውስጥ ወሩ 13 ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ አንድ አስቀያሚ መስመር ነበረ፣ ማብራሪያም የለውም። እኔ ቀኖቹን በሙሉ ወደ ፈረንጅ ስለምቀይራቸው 13ኛ ወር የሚባል አያጋጥመኝም ብዬ ጣልኩት። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ሲስተሙ ድምፁን ሳያሰማ ሠራ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጳጉሜ 1 ጠዋት ሠራተኛዋ ቀኑን ስታስገባ የቀን መፈተሻው ከ12 በላይ ወር አላውቅም አለ። በዓል ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ለዶሮና ለቅቤ ደመወዙን በሚጠብቅበት ሰዓት። ያን ቀን የደረሰብኝን እይታ አልረሳውም።

አየህ፣ አሮጌ ኮድ ውስጥ ሞኝ የሚመስሉት መስመሮች አብዛኞቹ አንድ ሰው የሆነ ቀን አንድ ነገር ደርሶበት የጻፋቸው ናቸው። ከዜሮ ስትጀምር ያንን ሁሉ ልምድ ነው የምትጥለው።

ምን ታደርጋለህ? ኮዱን እንዳለ፣ አንድ ነጥብ ሳትነካ ጊት ውስጥ አስገባው። የዳታቤዙን ቅጂ ወደ ራስህ ማሽን አምጣ። ያለፈውን ወር ደመወዝ በአሮጌው ኮድ አስወጣና ውጤቱን አስቀምጥ፤ ያ መፈተኛህ ነው። ከዚያ አንድ ቁራጭ ታወጣለህ፣ ደመወዙን ድጋሚ ታስወጣለህ፣ አንድ ሳንቲም ከተለየ ትመለሳለህ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሲስተሙ አንድም ቀን አይቆምም፣ አለቃህም አይጮህም።

መጀመሪያ ማውጣት ያለብህ የቀን ነገርን ነው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ፕሮግራምን በሥራ ቅደም ተከተል አትከፋፍሉ፣ ሊቀየር የሚችለውን ውሳኔ እያንዳንዱን በየራሱ ክፍል ውስጥ ደብቁ ብሎ ነበር። የእኛ ቀን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንደዚያ ነበረ፣ ለዚህ ነው የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ፈንታ 12 ላይ የዋለው። ቀጣዩ 2019 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱም አለ፣ ስድስት ሰዓት ልዩነት። ዳታቤዝ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ብቻ አስቀምጥ፣ ወደ እኛ የሚቀይረው ኮድ አንድ ፋይል ውስጥ ይሁን፣ ሌላው 40 ፋይል ጳጉሜ የምትባል ወር መኖሯንም አይወቅ። ያኔ የኔ ዓይነት ስሕተት ብትሠራ እንኳ የት ሄደህ እንደምታርም ታውቃለህ።

ለአለቃህም ሦስት ወሩን ዛሬውኑ ሰርዘው። ያሳፍርሃል፣ በሦስተኛው ወር ከማፈር ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፎልደሮቼን በዓይነት ልክፈላቸው (ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር) ወይስ በሥራ (አባላት፣ ክፍያ፣ ዕጣ)? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ አሥር ፋይል ካለህ ምንም አትክፈል። ላራቬልን የመሰለ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ መዋቅር) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ የሱን ተከተል፣ ነገ የሚመጣው ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ሞዴል (ዳታው)፣ ቪው (የሚታየው)፣ ኮንትሮለር (ትእዛዝ ተቀባዩ) የሚለው አከፋፈል ትሪግቬ ሬንስካውግ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ በ1979 ያመጣው ነው፣ ገና ሲታሰብ የስክሪን ሥራን ለማደራጀት ነበር እንጂ ሙሉ ፕሮጀክትን ለመሸንሸን አልነበረም። ምርጫው የአንተ ከሆነ በሥራ ክፈለው፤ «ክፍያው ላይ ቅጣት ጨምር» ስትባል አንድ ፎልደር ትከፍታለህ፣ አራት አትዞርም። «ዩቲልስ» (ልዩ ልዩ መገልገያ) የሚባል ፎልደር ግን ተጠንቀቅ። እሱ ጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ ነገር ወደዚያ ይወረወራል፣ በዓመቱ በሩ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ እኔ ኮድ አልጽፍም፣ ዕድሜዬ 67 ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። አራት ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው የአባላት መዝገብ ሊሠሩልን ጀምረው ከተባለው ጊዜ አራት ወር አልፏል። ኮሚቴው ሦስት ልጆች ይጨመሩ ይላል። ደግሞ እስካሁን የሠሩት ባልና ሚስትን ሁለት ቤተሰብ አድርጎ ይቆጥራል፣ ስም ስንፈልግም አንዳንዱን አያገኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሦስቱን አያስጨምሩ። አይቢኤም ውስጥ ኦኤስ 360 የሚባለውን ግዙፍ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 የጻፈው እስካሁን ይሠራል፤ የዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት እነዚያው የደከሙት ናቸው። መነጋገሩም ይበዛል። አራት ሰው ሁለት ለሁለት ሲነጋገር 6 መንገድ ነው፣ ሰባት ሲሆኑ 21 ይሆናል። የቤት ሥራ ለመሥራት አብሮ ሄዶ መኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ ማምሸት ማለት ነው።

ይልቅ ሥራውን ይቀንሱላቸው። ለእድሩ የግድ የሚያስፈልገው ምንድነው? ማን አባል ነው፣ ማን ከፍሏል፣ ሐዘን ሲደርስ ለማን ይደወላል። የፎቶ ገጹም የበዓል ካርዱም ይቆዩ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አንዲት የምትሠራ ነገር ያሳዩዎት፣ ትንሽም ብትሆን። እርስዎ እዚያው ቁጭ ብለው ይሞክሯት። «90 ከመቶ አልቋል» የሚል ሪፖርት አይቀበሉ፤ ያለቀና ያላለቀ ብቻ ነው ያለው።

የባልና ሚስቱ ነገር ባግ ሳይሆን የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። ልጆቹ ቤተሰብን በመጨረሻ ስም አቧድነውታል። በአሜሪካ ወረቀት ላይ የኛ ሰው መጨረሻ ስም የአባት ወይም የአያት ስም ስለሆነ ባል የራሱን፣ ሚስት የራሷን፣ ልጅ የአባቱን ይዞ ሦስት ቤተሰብ ይመስላሉ። «ቤተሰብ» የሚባል የራሱ መዝገብ ይኑረው፣ ሰው እዚያ ውስጥ ይመደብ፣ ስም ለመጠሪያ ብቻ ይሁን።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የምትባል አባል አንዱ በጸ፣ አንዱ በፀ፣ ሦስተኛው «ሐ»ን በ«ሀ» ይጽፋታል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የቁጥር ሰንጠረዥ) ውስጥ በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ስሞች ናቸው። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ማስቀመጥ ነው፣ የሰው ስም አይታረምም። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ ይኑር፣ እዚያ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ። ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። ይሄን ገጽ ያሳዩዋቸው፣ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ቫሪያብል መጻፍ ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቻላል። ከ2008ቱ ፓይተን 3 ጀምሮ የቫሪያብሉን (የዳታ መያዣውን) ስም በግእዝ ፊደል ብትጽፈው ይቀበላል። ልጆች ስታስተምር በጣም ደስ ይላል፣ «ብር» እና «ዕጣ» የሚል ኮድ ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ለሥራ ግን እኔ አልመክርም። አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ ከላይ «ሂሳብ» ብዬ ጀመርኩና ታች «ሒሳብ» ብዬ ጠራሁት። ፓይተን እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም አለኝ። ሃያ ደቂቃ አፈጠጥኩበት፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ፓይተኑንም ድጋሚ ልጫን ብዬ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ኮድ ጽፋ የማታውቅ አካውንታንት በትከሻዬ አየችና «አንዱ ሃሌታው ነው፣ አንዱ ሐመሩ» ብላኝ ሻይዋን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።